ለማሽኑ ቤት ሠራንለት

ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ስገባ ወለሉ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዞ ጠበቀኝ።

ከአምቦ የመጣሁት ከለቅሶ ነበር፣ በማለዳው ሚኒባስ። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ቶሎሳ ግቢው በር ላይ እየሳቀ ተቀበለኝና ልጄ ሰናይት ያለ ቀኗ እንደወለደች፣ የወለደችውም ሴት እንደሆነች፣ የእሱም ሚስት ጫልቱ ቀደም ብላ ወንድ እንደወለደች ነገረኝ። እልል እያልኩ ወደ እናቶች ማቆያው ሮጥኩ። እልልታዬ ግማሹ አፌ ውስጥ ቀረ።

መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። በበሩ ሥር ጨርቅ ተወትፏል። በሁለቱ አልጋዎች መካከል የከሰል ምድጃ ተቀምጧል፤ ላዩ አመድ ለብሷል፣ ውስጡ ገና ቀይ ነው። ሰናይት ዓይኗን በግድ ገልጣ አየችኝና «እማ፣ ራሴ ከበደኝ» አለች። ምላሷ ይተሳሰራል። ጫልቱ ጨርሶ አልነቃችም። ሕፃናቱ በጋቢ ተጠቅልለው በየእናታቸው ጎን ተኝተዋል፤ አንዳቸውም አያለቅሱም።

ያንን ራስ ምታት አውቀዋለሁ። ያንን ዝምታም አውቀዋለሁ። ምድጃውን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ደጅ ወረወርኩት፣ መስኮቱን በረገድኩት፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። እንዴት እዚያ እንደደረስን ለመናገር ግን ከሥራዬ መነሳት አለብኝ። ሥራዬን ካላወቃችሁ ያን ጠዋት አታውቁትም።

አስካለ እባላለሁ። ተማረች ከተባለ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ይህን በእጄ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ስስት ሰናይት ታርምልኛለች፣ ነገሩን ግን አትነካብኝም። ሥራ ከተውኩ ብዙ አልሆነኝም። ተውኩ ልበል እንጂ የሸኘኝ የለም። የኮንትራት ሠራተኛ ጡረታ የለውም፣ ወገቤም እምቢ ብሏል። አሁን አምቦ ገበያው ጥግ ሽንኩርትና ቃሪያ እቸረችራለሁ። ሰው ሲያልፍ ሲያገድም «እትዬ አስካለ፣ ያ የደጋው ሥራሽ ምን ነበር?» ይለኛል። «ወለል አሞቅ ነበር» ስለው ይስቃል። እኔ አልስቅም።

መጀመሪያ የሠራሁት እዚሁ አምቦ፣ በአንድ ፔንሲዮን ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆኜ ነው፣ ሁለት ሺህ ሰባት ላይ። የሰናይት አባት ሞቶ፣ እሷ ገና ተማሪ ነበረች። ከተማው አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ በሆነበት ጊዜ እንግዳ ጠፋ፣ አንሶላም አልቆሸሸ፣ እኔም ተሰናበትኩ። ሁልጊዜ የምፈራ ሰው ነኝ። መንገድ ሲዘጋ እፈራለሁ፣ ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ፣ ልጄ ስትዘገይ እፈራለሁ። ፍርሃቴን ይዤ ነው ከቦታ ቦታ የዞርኩት።

ከዚያ እንጭኒ ሄድኩ። ሐጂ ከድር የሚባሉ ነጋዴ ጫጩት ያሳድጉ ነበር። የአንድ ቀን ጫጩት እየመጣ ላባ እስኪያወጣ በከሰል እናሞቀዋለን። ከሰል አቀጣጥሎ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አቆይቶ፣ ፍሙ ሲጠራ ወደ ውስጥ ማስገባት የኔ ሥራ ነበር። ብርድ በጠናበት አንድ ወቅት አብራኝ የምትሠራው ልጅ ለጫጩቶቹ አዝና መስኮቱን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ደፈነችው። ጠዋት ጫጩቶቹ አንገታቸውን ዘርግተው ተነጥፈዋል። እሷም ደጃፉ ላይ ወድቃለች። ሐጂ ራሳቸው ተሸክመው አወጧት። ነፍሷ ተመለሰች፤ ራስ ምታቷ ግን ሰነበተ። ያን ቀን ሐጂ ሁላችንንም ሰበሰቡና «ጭስ የለውም ብላችሁ አትመኑት። የሚገለው የማይታየው ነው» አሉን።  ብዙም ሳይቆዩ ሥራውን ዘጉት።

እንግዲህ ከሰልን የፈራሁት እዚያ ነው።

ከእንጭኒ በኋላ ነው ወደ ደጋው የወጣሁት። ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟን መጥራት አልፈልግም። ጠዋት ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ይነጣል። ፈረሶቹ ሲተነፍሱ ከአፍንጫቸው ጉም ይወጣል። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ለጋሾች አንድ ቤት ሠርተው ነበር፣ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት፣ ወልደውም ጥቂት የሚያገግሙበት። በጽዳት ተቀጠርኩ። የዚያ ቤት ወለል ሲታይ እንደማንኛውም ሊሾ ነው። ከሊሾው ሥር ግን ቱቦ እንደ አንጀት ተጠምዝዞ ተቀብሯል፤ በቱቦው ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ይዞራል። ውሃውን የሚያሞቀው ከቤቱ ጀርባ የቆመ ቁም ሣጥን የሚያክል ማሽን ነው፣ ፊቱ ላይ ትልቅ ፋን ያለው። እንጨት የለ፣ ከሰል የለ፣ ጋዝ የለ። መብራት ብቻ።

ያን ማሽን እንድይዝ ያስተማረኝ ኦቦ ገለታ ነው። አምቦ ይኖር የነበረ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በወጣትነቱ የፍል ውሃ መታጠቢያ ቱቦ ሲዘረጋ የኖረ። ማሽኑን የተከሉት ሰዎች ሲሄዱ ክትትሉን ለእሱ አደራ ብለው ሄዱ፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ መምጣት ስለማይችል ከግቢው አንድ ሰው ምረጡልኝ አለ። ሌላው ሁሉ ሥራ በዝቶበት እኔ ደረሰኝ። ኦቦ ገለታ «ትፈሪያለሽ?» አለኝ። እፈራለሁ አልኩት። «ጥሩ ነው» አለ፤ «የማይፈራ ሰው ቁልፍ ይነካካል።»

መጀመሪያ የገባኝ ነገር አልነበረም። ውጭው ብርድ ሆኖ ሳለ ከብርድ እንዴት ሙቀት ይወጣል? እንዲህ ሲል አስረዳኝ፤ «ለእኛ ነው ብርድ፣ ለእሱ አይደለም። ጤፍ ስትለቅሚ ገለባ መሐል ያለችውን ፍሬ ታወጪ የለም? እሱም እንደዚያ ነው። አየሩን ከጀርባው ይስባል፣ ውስጡ ያለችውን ሙቀት ይለቅማል፣ የተለቀመበትን አየር በፊቱ ይተፋዋል። የተፋው ከሳበው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የተፋውን መልሶ እንዳይስብ ነው ነገሩ።»

ልማዶቹ አሁንም ዓይኔ ላይ አሉ። ቤቱ እንደደረሰ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። በካልሲው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ክፍሉን ጥግ ለጥግ ይዞራል፣ ማንንም አያናግርም። እግሩ የነገረውን ከሰማ በኋላ ነው ወደ ቱቦዎቹ ማከፋፈያ የሚሄደው። የሚሄደውን ቱቦ በእጁ ጀርባ ይነካል፤ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ ከዚያ የሚመለሰውን ይነካል። የሚመለሰው ከሚሄደው ትንሽ ብቻ መቅዝቀዝ አለበት። በጣም ከቀዘቀዘ ውሃው ተጨናንቋል ማለት ነው፤ ጭራሽ ካልቀዘቀዘ ደግሞ ወለሉ አልጠጣውም። ያኔ ቫልቩን ፀጉር ታህል ያዞረዋል። ብቻ ፀጉር ታህል። ውጤቱን ለማየት ነገን ይጠብቃል። «ሱታ ሱታ፣ አዴ» ይለኛል፣ ቀስ በይ፣ እትዬ ማለቱ ነው። «ወለል ዛሬ የነገርሽውን ነገ ነው የሚሰማው።»

ከኮቱ ኪስ ደግሞ በቁልፍ ላይ የተጠመጠመ ነጭ ክር አይጠፋም። ከማሽኑ ጀርባ ይቆምና ክሩን ያንጠለጥላል። ክሩ ወደ ማሽኑ ሲሳብ ደስ ይለዋል። ፊት ለፊት ይዞርና ያንጠለጥላል። ወደ ውጭ ሲበር ደስ ይለዋል። በመሐል እያሽከረከረ ከመለሰው ግን አካባቢውን ያያል፤ አንድ ጊዜ ሰው የተከመረ ጭድ አጠገቡ አስቀምጦ አገኘና እስኪነሳ ድረስ ሻይ እንኳን አልጠጣም።

ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ሰዉን ማስለመድ ነበር ከባዱ። የጤና ጣቢያው የመጀመሪያ ኃላፊ ቀን ፀሐይ ስለሚወጣ ማሽኑን ጠዋት እያጠፋ ማታ ያበራው ነበር። ሊሾው ወፍራም ነው፣ ሙቀቱ የሚወጣው ሰው ብርዱን ታግሦ ካደረ በኋላ ጠዋት ነው፤ ያኔ ደግሞ ያጠፋዋል። ኦቦ ገለታ አልተቆጣም። «እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር ያደረግሁት» ብሎ ነገረውና ለአንድ ሳምንት ሳይነካ እንዲተወው ለመነው። ውሃውን ዝቅ አድርጎ፣ እጅ ነክሮ ያለ ጭንቀት የሚያቆዩት ያህል ለብ አድርጎ፣ ቀንና ማታ እንዲዞር ተወው። ቆጣሪውም ዝግ አለ፣ ወለሉም እንደ ሰው ገላ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቁልፍ አልነካም።

አራስ ጠያቂዎች ደግሞ አሉ። አራስ በባዶ ሊሾ ላይ እግሯን ስታሳርፍ ያዩ አማቶች አጎዛ ይዘው ይመጣሉ፣ ሰሌን ያነጥፋሉ፣ ቄጠማ ይጎዘጉዛሉ። ሙቀቱ ከሥር ታፍኖ ይቀርና ክፍሉ ይቀዘቅዛል። አንዲት አማት አጎዛዋን ሳነሳ በነጠላዬ ያዘችኝና «አንቺ ወልደሽ አታውቂም? ልጅሽን ድንጋይ ላይ ነው ያሳደግሽው?» አለችኝ። ጫማሽን አውልቂና ቁሚበት አልኳት። ቆመች።  ቆይታ «ውይ፣ ይሄማ ላም የተኛችበት ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጣ ሁሉ እሷ ናት የምታስረዳልኝ።

አንዳንዴም ጥግ ያለው አልጋ ብቻውን ይቀዘቅዛል። ጆሮዬን ማከፋፈያው ላይ ሳደርግ ሆድ ሲጮህ ዓይነት ድምፅ እሰማለሁ፤ ቱቦ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው። ትንሿን ቁልፍ ከፈት አድርጌ እስ... እያለ አየሩ እስኪያልቅና ውሃ ኩባያ ውስጥ እስኪንጠባጠብ እጠብቃለሁ። ማጣሪያውን አጥባለሁ። የማሽኑን ጀርባ በመጥረጊያ ከቅጠል አጸዳለሁ። ዘበኛው ቶሎሳ ሲያየኝ ዝም አይልም።

«አዴ አስካለ፣ ባልሽ ሲያንኮራፋ አደረ፣ እንቅልፍ ነሳኝ» ይለኛል፣ ማሽኑን ማለቱ ነው።

«አንተ የተቀጠርከው ለዘበኝነት ነው ለእንቅልፍ?» እለዋለሁ።

«ቅናት ነው። የኔይቱ እንደሱ ብታሞቀኝ ምን አለ።»

ቶሎሳ ደግ ሰው ነው። ዛሬም ቢሆን ደግ ነው እላለሁ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እግዜር አይወድልኝም።

በዚያ ወለል ላይ ብዙ ሕፃን አየሁ። እናቱ ከፈረስ ወርዳ በደቂቃ የወለደችውን አየሁ፣ መንታ አየሁ፣ በመዳፍ የሚያዝ አየሁ። አዋላጇ ሲስተር ሃዊ «አዴ አስካለ፣ ወለልሽ እጄን አበዛልኝ» ትለኝ ነበር። በሕይወቴ ሥራዬ የኔ ነው ያልኩት ያኔ ብቻ ነው። አሁን ሳስበው ሞኝነቴ ነው። በአንድ ሽቦና በአንድ ፋን ላይ የተንጠለጠለ ነገር የማንም አይሆንም።

ማሽኑ ብርድ ላይ ሲሠራ ገላው ላይ አመዳይ ይይዛል። አመዳዩ ሲበዛ ራሱ ቆም ብሎ ያቀልጠዋል፤ ያኔ ይተናል፣ ከሥሩም ውሃ ይንጠባጠባል። ጤና ነው። ሰዉ ግን እንደዚያ አላየውም። ለማሳከም የመጣ ገበሬ ሁሉ ቆሞ አይቶት ከንፈሩን ይመጣል። ልጆቻችንን እያሞቀ ራሱ ውጭ በውርጭ ያለቅሳል ተባለ። በዚያ ላይ ከቀበሌው ውሃ ጉድጓድ ላይ ሽቦ ተቆርጦ ተሰረቀ፣ ለማሽኑም ተፈራ። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ እዚያ ቤት ልጅ የተወለደላቸው አባቶች ተጠራርተው ደቦ ወጡ። አጣና የተሸከመ መጣ፣ ቆርቆሮ የያዘ መጣ፣ ጭቃ እያቦኩ እርስ በርሳቸው ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ። ጠላውን የጠመቅሁት እኔ ነኝ። ለድሃ መበለት እንደሚሠራ ቤት ለማሽኑ ቤት ሠሩለት፤ በር ያለው፣ ቁልፍ ያለው።

«ለትንፋሹስ?» አልኩት ቶሎሳን።

«በሩን ከፍቼ እተውለታለሁ። ላሜንስ አፍኜ ነው የማሳድራት?»

ልቤ አላረፈም። ኦቦ ገለታ ጋ ደወልኩ። ሚስቱ ናት ያነሳችው፤ ታሟል፣ ተኝቷል አለችኝ። ሌላ ቀን ደወልኩ፣ አሁንም ተኝቷል። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። በሩ ክፍት ስለነበር፣ ብርዱም ገና ስላልበረታ፣ ማሽኑ ሠራ። እግሬም ወለሉ ላይ ሙቀት አገኘ። እኔም ጸጥ አልኩ።

ሰናይትን እኔ ነኝ ያመጣኋት። ባሏ ሹፌር ነው፣ ነቀምት መንገድ ላይ፤ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ሳምንት ይቀራል። አምቦ ብቻዋን ከምትሆን እኔ ጋ ነይ፣ ወለሉ ይሞቅልሻል አልኳት። ሆዷ ገና ነበር። እንደመጣች ጫማዋን አውልቃ ቆመችበትና ሳቀች፣ ልጅ ሳለች እንደምትስቀው።

ታኅሣሥ ላይ የኦቦ ገለታን መርዶ ሰማሁ። አለመሄድ አልችልም። ስሄድ ለቶሎሳ ሁሉን ነገርኩት፤ ቁልፍ እንዳትነኩ፣ አጎዛ እንዳታነጥፉ፣ መስኮት እንዳትከፍቱ። ሁሉንም ጠብቋል። አንድም አላጎደለም። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ ከባድ ውርጭ በጣለበት ማታ ማሽኑ አሳዘነውና በሩን ዘጋለት፣ እስክመለስም አልከፈተውም።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ።

ጩኸቴን ሰምታ ሲስተር ሃዊ ከማዋለጃው ክፍል እየሮጠች መጣች። የሌላ ሴት ምጥ ስትከታተል ስላደረች ወደ ማቆያው አልተመለሰችም ነበር። ጫልቱን ደጅ አውጥተን አየር ስትስብ አስታወከች፣ ነቃች። ሰናይትም ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ሲስተር ሃዊ ሕፃናቱን ገልጣ አየች። የጫልቱ ልጅ ትንፋሹ እየቆየ ነው የሚመጣው። የኔዋ ትንሿ እግሯ እንደ ውሃ ቀዝቅዟል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ቆዳ ለቆዳ አድርጓቸው አለችን። እናቶቹን ደረታቸውን ገልጠን ሕፃናቱን ለጠፍንባቸው፣ በላዩ ጋቢ ደራረብን።

ቶሎሳ ከኋላችን ቆሟል። ምድጃውን እያየ «ወለሉ ሲቀዘቅዝባቸው ጊዜ ነው» አለ። «ጭሱን ውጭ ጨርሼ ነው ያስገባሁት፣ አዴ። ጭስ አልነበረውም።» የሐጂ ከድር ቃል ትዝ አለኝ። 

ወደ ማሽኑ ሮጥኩ። ቶሎሳ ቁልፉን ሲከፍተው ከውስጥ የወጣው ብርድ ከውጭው ውርጭ የባሰ ነበር። የማሽኑ ጀርባ በሙሉ በረዶ ሆኗል፣ ፋኑ በበረዶ ተይዟል፣ ቀይ መብራት ብቻ ይበራል። በዚያች ጠባብ ጭቃ ቤት ውስጥ የተፋውን አየር መልሶ ሲስብ፣ መልሶ ሲተፋ፣ ሙቀት የሌለውን ሲለቅም ሰንብቷል። የኦቦ ገለታ ክር ታየኝ። በዚያ ቤት ውስጥ ቢያንጠለጥለው ኖሮ ክብ ሲዞር ነበር የሚያየው።

ቶሎሳ ገባው። ቆርቆሮውን በባዶ እጁ መገንጠል ጀመረ፤ እጁ ይደማል፣ አይሰማውም።

«አሁን ይሞቃል?» አለኝ።

«ነገ» አልኩት። «አሁን ብናስነሳው እንኳን ወለሉ ነገ ነው የሚሞቀው።»

ሲስተር ሃዊ ከኋላ ሰምታኛለች። «እነዚህ እስከ ነገ አይቆዩም» አለች።

የሠራሁት ሥራ ሁሉ ያኔ ነው ባዶ የሆነብኝ። ያ ወለል ደጉ ነገር አለመቸኮሉ ነው ስል ኖሬያለሁ። ልጅ ሲቀዘቅዝ ግን የሚቸኩል ነገር ያስፈልጋል፤ ያለን የሚቸኩል ነገር ደግሞ ከሰል ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልናገረውና ልረፍ፣ በመጨረሻ መናገር አልፈልግም። ማሽኑ አልተነሳም። በረዶው ሲቀልጥ አንዱ ስስ ቱቦ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ የሚጠግን ባለሙያ ይላካል ተባለ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ይመጣል ተባለ፣ ዕቃው ከውጭ ነው ተባለ። አሁን ቤቱ መጋዘን ነው፣ የተሰበረ አልጋ ተከምሮበታል። ከሩቅ ቀበሌ ይመጡ የነበሩ እናቶች እንደ ድሮው ቤታቸው ይወልዳሉ፣ ወይ መንገድ ላይ። ኦቦ ገለታ የሚያውቀውን ይዞ ተቀበረ፤ እኔ ያወቅሁትን የሚጠይቀኝ የለም። ወገቤን ይዤ እስክወጣ ድረስ ባዶ ክፍል ስጠርግ ነው የከረምኩት።

አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዶ አልተመለሰም። ገበያ ዳር ድንች የጫነ አይሱዙ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ነገሩን ገና ሳንጨርስለት ረዳቱን ከጋቢና አወረደው። ሰናይትና ጫልቱ ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ እንደለጠፉ ጋቢና ገቡ። እኔ፣ ቶሎሳና ሲስተር ሃዊ ድንቹ ላይ ወጣን። ሹፌሩ እናቶቹ አየር እንዲያገኙ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ፣ ለሕፃናቱ ደግሞ የሞተሩን ማሞቂያ ለቆ ነዳ።

ቁልቁለቱን ጀመርን። ንፋሱ ፊት ይልጣል። ቶሎሳ የጋቢናውን የኋላ መስታወት በእጁ ይዞ ወደ ውስጥ ያያል። እኔ ማየት ፈራሁ። መንገዱን ብቻ አያለሁ፤ ኬላ ይኖር ይሆን፣ ያስቆሙን ይሆን እያልኩ። በልቤ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም።

የደጋው ባሕር ዛፍ አልቆ ሜዳው ሲታይ ከጋቢናው የጫልቱ ድምፅ መጣ። ልቅሶ አልነበረም። የልጁን አባት ስም ነበር የምትጠራው፣ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ። ሲስተር ሃዊ ጎንበስ ብላ በመስታወቱ አየችና ተመለሰች። ፊቷን ሳየው ገባኝ። ጋቢናውን ልታንኳኳ እጇን አነሳች።

ቶሎሳ እጇን ያዛት።

«ይሂድ» አለ። «የአዴ አስካለ ገና አለች። መኪናው አይቁም።»

እና መኪናው አልቆመም። ጫልቱ ልጇን ከደረቷ ሳታነሳ፣ ቶሎሳ መስታወቱን ሳይለቅ፣ ወረድን። እኔ የእሱን እጅ ያዝኩ፤ የቆርቆሮው ደም ደርቆበታል።  ዛሬም አምቦ በመጣ ቁጥር ደጄ ድረስ መጥቶ ትንሿን ያያታል፣ አያቅፋትም፣ ይሄዳል። ባልሽ ብሎ ዳግም አልቀለደም።

አምቦ ሆስፒታል በር ላይ ባጃጆቹ መንገድ ለቀቁልን። ሰናይትን ደግፈው አስገቧት። ሕፃኗን ከደረቷ ላይ ተቀብለው በመብራት ከሚሞቅ ትንሽ አልጋ ላይ አስተኟት፣ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አደረጉላት። እኔ በሩ ላይ ስደርስ ሳላስበው ጫማዬን አወለቅሁ። ነርሷ «እናት፣ ምን ሆነሽ ነው? ጫማሽን አድርጊ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል» አለችኝ። ይቀዘቅዛል። እግሬ ነገረኝ። በባዶ እግሬ ቆምኩበት።

ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች። ቀጭን፣ የተቆጣች፣ የማታቋርጥ ልቅሶ። ሰናይት ከአልጋዋ «እማ፣ እሷ ናት?» አለች። እሷ ናት አልኳት።

ጫልቱና ቶሎሳ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋቢው በመካከላቸው። 

እኛ ግን ደርሰናል። ልጄ በሕይወት አለች፣ የልጄም ልጅ በሕይወት አለች። ደህና ነን።